አዲስ አበባ መልኳ የትኛው ነው? ከደሴ መጥቼ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ አልተገለጠችልኝም

የጦሳዋ መምህርት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው። በዝውውር ወደ አዲስ አበባ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቼ እኖራለሁ። የማስተምረውም እዚያው አካባቢ ነው፤ አማርኛ፣ ስድስተኛ ክፍል።

ባለፈው ወር ለልጆቹ «ሰፈሬ» የሚል ድርሰት ሰጠኋቸው። አርባ ስምንት ልጆች ጻፉ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የጻፉት የብሎካቸውን ቁጥር፣ የሱቁን ስም እና ውሃ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ ነው። አንዱ ልጅ ግን ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ጽፎ ሰጠኝ፤ «ሰፈሬ ብሎክ 87 ነው። ከእኛ በፊት ማንም አልነበረም።» ነጥብ ልስጠው ወይስ ልከልክለው ግራ ገብቶኝ ወረቀቱን እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ።

እኔ ስለ ደሴ ጻፊ ብባል ጦሳን፣ አይጠየፍ አዳራሽን፣ ሰኞ ገበያን፣ የክረምቱን ጉም እያልኩ ወረቀቱ አይበቃኝም። አዲስ አበባን ግን የትም ቦታ ቆሜ «ይቺ ናት» ማለት አልቻልኩም። ፒያሳ ሄድኩ፤ ግማሹ ፈርሷል፣ ግማሹ ገና ቀለሙ አልደረቀም። ቦሌ መስታወት ብቻ ሆነብኝ። መርካቶ ገብቼ መውጫው ጠፋኝ። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ «መንደሮች ተጠራቅመው የሆነች ከተማ ናት፣ ፕላንም ታሪክም የላት» ይለኛል።

እዚህ የተወለዳችሁ ወይም ብዙ የኖራችሁ፣ ከተማዋን የምታውቋት በምንድን ነው? ለዚያ ልጅስ ምን ልበለው?

ከፋሲል ግንብ ሥር፦

መምህርት፣ የሌለውን አትፈልጊ። አዲስ አበባ እኮ ገና መቶ አርባ ዓመት ነው የሆናት። እኛ ጎንደር ላይ ግንብ ስንገነባ እዚያ ሣር ነበር። ታሪክ ከፈለግሽ አውቶቡስ ተሳፍረሽ ወደ እኛ ነይ፤ አዲስ አበባ ሰው ሥራ ሊፈልግ የሚሄድባት ትልቅ መናኸሪያ ናት፣ ሌላ ምንም አይደለችም።

አሮጌው መስመረኛ፦

እህቴ መምህርት፣ ለልጁ ነጥቡን ስጪው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ትክክል ነው፤ ሁለተኛውን የተሳሳተው የነገረው ሰው ስለሌለ ነው።

እኔ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበርኩ። በ1969 ዓ.ም ተቀጥሬ በ2008 ዓ.ም ጡረታ ወጣሁ። እግሬ ላይ የብረት መወጣጫ፣ ወገቤ ላይ ቀበቶ አስሬ፣ ፒንሳ በኪሴ ይዤ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የዚህችን ከተማ እንጨት ስወጣና ስወርድ ኖርኩ። እግረኛ ሰው የሚያየው አጥር ነው። እኔ ከአጥር በላይ ሆኜ ነው ያየኋት፤ ስለዚህ የእኔ መልስ የከፍታ መልስ ነው፣ ትታገሺኛለሽ።

ስለ አንድ እንጨት ልንገርሽ። ደጃች ውቤ ሰፈር ውስጥ፣ ሁለት ቅያስ የሚገናኙበት ላይ የቆመ ነበር። ጫፉ ላይ የማከፋፈያ ሣጥን አለ፤ ከሣጥኑ ወደ ዐሥር ቤት ገመድ ይወጣል። አንዱ ገመድ የሚሄደው ትልቅ የእንጨት በረንዳ ያለው፣ ጥድ የከበበው የድሮ መኳንንት ቤት ነው። ሁለተኛው የበረንዳውን አጥር ተደግፎ ወደ ቆመ የጭቃ ቤት ይወርዳል፤ ኮርኒሱ ማዳበሪያ ጆንያ ነው፣ ክረምት ሲገባ መሐል ወለል ላይ ሳፋ ይቀመጣል። ሦስተኛው ወደ ጠጅ ቤት፣ አራተኛው ወደ አንድ ጡረተኛ አስተማሪ ቤት። እኔ ሣጥኑን ከፍቼ መስመር ስሞክር እነዚህ ሁሉ ሰዎች በአንድ መዳፌ ላይ ነበሩ። የባለ በረንዳው ቤት ልጅና የጠጅ ጣይዋ ልጅ ከአንድ ሱቅ በዱቤ ዳቦ ሲወስዱ ከላይ ሆኜ አያቸው ነበር።

በሥራ ምክንያት ናይሮቢ ሄጄ አውቃለሁ። እዚያ ሀብታሙ በአንድ ወገን፣ ድሃው በሌላ ወገን ነው፤ መሐላቸው መኪና ይጠይቃል። የእኛ ከተማ ለብዙ ዘመን እንዲህ አልነበረችም። ለምን እንዳልነበረች የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ምስጢሩ ስሟ ውስጥ ተቀምጧል።

«ሰፈር» ብለሽ ለልጆቹ ርእስ ሰጥተሻል። ሰፈረ ማለት ምን ማለት ነው? ጦር ከመንገድ ዐረፈ፣ ድንኳን ተከለ ማለት ነው። «ከተማ»ም እንደዚሁ ነው፤ ንጉሥ የከተመበት ቦታ። ምኒልክ እንጦጦ ላይ ከትመው ነበር፤ ብርዱም ንፋሱም አይቻልም። እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውሃው ወርደው ቦታውን ወደዱት፣ ቤት አሠሩ፣ አዲስ አበባ አሉት። 1879 ዓ.ም ነው። ቤተ መንግሥቱ ጉብታው ላይ ሆነ። ከዚያ ለየራሱ፣ ለየደጃዝማቹ፣ ለየፊታውራሪው ዙሪያውን ጉብታ ጉብታ ተሰጠው። እያንዳንዱ መኰንን ጉብታው ጫፍ ላይ ቤቱን ሠራ፤ ወታደሩ፣ አሽከሩ፣ ወጥ ቤቱ፣ ቄሱ፣ አንጥረኛው ደግሞ ከሥሩ፣ በቁልቁለቱ ላይ ተበተነ። ራስ መኮንን ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ያየሁት የእንጨቱ ሣጥን የዚያ ሰልፍ ቅሪት ነው፤ ጌታውና አሽከሩ ያው እንደ ሰፈሩ አሉ፣ ድንኳኑ ብቻ ወደ ቆርቆሮ ተለውጧል።

ንጉሡ ሲዘምቱ ከተማውም ይዘምት ነበር። የዓድዋ ጊዜ የቀረው ሕመምተኛና ሽማግሌ፣ ጥቂትም ጠባቂ ነው ይባላል። እንዲህ ያለውን ነገር «ፕላን የለውም» ማለት የጦር ሰፈርን አሰላለፍ አለማወቅ ነው። ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኛዝማች ከቀኝ፣ ግራዝማች ከግራ፤ ማዕረጉ ራሱ ካርታ አይደለም እንዴ?

የጎንደሩ ወንድሜ፣ አትቆጣኝና አንድ ነገር ላስታውስህ። አፄ ፋሲልም በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ላይ ሲያርፉ ድንኳን ይዘው ነው የመጡት። የነገሥታቱ ከተማ ሁሉ መጀመሪያው ሰፈር ነው። እናንተ በድንጋይ ሠራችሁት፣ እኛ በጭቃ። ድንጋይ ስለሚቆይ ታሪክ ተባለ።

የእኛም ጭቃ ሊቀር አንድ ሐሙስ ቀርቶት ነበር። ሰው በዛ፣ ዙሪያው ያለው ጥድና ወይራ ተቆርጦ አለቀ፣ ለማገዶ የአንድ ቀን መንገድ መሄድ ግድ ሆነ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ምኒልክ ተስፋ ቆርጠው ወደ ምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ከተማ ማሠራት ጀምረው ነበር። ስሙን ልብ በይ፤ ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም። ሰፈሩ እንደ ልማዱ ሊነሣ ነበር ማለት ነው። ያስቀረው ባሕር ዛፍ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ፣ ቢቆርጡት ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጥ። ተተከለ፣ በጥቂት ዓመት አደገ፣ ከተማው ባለበት ቀረ። አዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ማርያም ናት፣ ዛሬም ሄዶ ማየት ይቻላል።

እኔ ይህን ዛፍ በእጄም በጭኔም ነው የማውቀው። የምወጣው እንጨት ባሕር ዛፍ ነው። የምገባበት የጭቃ ቤት ምሰሶና ማገር ባሕር ዛፍ ነው። የለቅሶ ድንኳን የሚወጠርበት፣ የሕንፃ ሠራተኛ የሚቆምበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት ሁሉ እሱ ነው። ክረምት ሌሊት ዘንቦ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ እርጥብ እንጨት ላይ ከወጣሁ ሽታው እስከ ማታ ከልብሴ አይለቅም። ይህችን ከተማ በሽታ ለይተሽ አምጪ ብባል በርበሬ፣ ቡና እና የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ አመጣለሁ። ከእንጦጦ ጭነቱን በጀርባቸው ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው፣ አስፋልቱን ብቻ እያዩ የሚወርዱት እናቶች ናቸው ከተማዋን የተሸከሟት። ሐውልት አቁሙ ብባል ለእነሱ ነበር የማቆመው።

ስለ ፕላን ካነሣን አይቀር፣ አዲስ አበባ ፕላን አላጣችም። በዝቶባታል። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም እንደገባ ለ ኮርቡዚየ የሚባል ስመ ጥሩ አርክቴክት ንድፍ ሣለላት። ጣሊያኖቹ ራሳቸው ነጭና ጥቁር ለይቶ የሚያኖር ፕላን አወጡ፤ ጊዮርጊስ ጋ የነበረውን የአራዳን ገበያ አንሥተው ወደ ምዕራብ ወሰዱት፣ መርካቶ የተባለው እሱ ነው። ገበያው ቢሄድም ስሙ እዚያው ቀረ፤ ብልጥ የከተማ ልጅ «አራዳ» የሚባለው ከዚያ የተነሣ ነው። ከጣሊያን በኋላ እንግሊዛዊው አበርክሮምቢ ሌላ ፕላን ሠራ። ከዚያም ሌሎች መጡ። የመሥሪያ ቤታችን ግድግዳ ላይ አንዱ ካርታ በሌላው ላይ ተለጥፎ ነበር፤ እኛ መስመር ስንፈልግ ግን ካርታውን ትተን «ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ» የሚለውን ነበር የምንከተለው።

ጣሊያንን ካነሣሁ የካቲት 12ን አልፌው መሄድ አልችልም። በ1929 ዓ.ም እናቴ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ሦስት ቀን የሣር ቤቶች ሲነዱ እናቷ ቀበና ወንዝ ገደል ውስጥ ጋቢ አልብሳ ሸሽጋታለች። ስድስት ኪሎ ያለውን ሐውልት ሁሉም ያውቀዋል፤ እናቴ ግን እስክትሞት ድረስ ቀበና ድልድይ ላይ ስትደርስ ፊቷን ታዞር ነበር። ለእኔ ሁለቱም ሐውልት ናቸው።

ረዘመብሽ መሰለኝ። ሻዬ ቀዘቀዘ፣ እመለሳለሁ።

ሆራ፦

ጋሼ፣ ጽሑፍዎን በደስታ ነው ያነበብኩት፤ ግን እርስዎም የዚያን ልጅ ስሕተት ደግመዋል። «ከእኛ በፊት ማንም አልነበረም» እንዳለው፣ የእርስዎም ታሪክ 1879 ላይ ጀመረ። የጎንደሩም ወንድማችን «ሣር ነበር» ብሎ አለፈ። ሣሩን የሚበላው ከብት የማን ነበር?

ቦታው ፊንፊኔ ይባል ነበር። ጉለሌ፣ ኤካ፣ ገላን የሚባሉት የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች ይኖሩበት ነበር፤ ፍል ውሃው ከብት ሆራ፣ ማዕድን ያለውን ውሃ፣ የሚጠጣበት ስፍራ ነበር። ከተማው ሲቆረቆር ተገፍተው ወጡ። ስሙ ግን አልወጣም። ጉለሌ አለ፣ የካ አለ፣ ገላን አለ። መምህርት፣ እርስዎ የሚኖሩበት ቱሉ ዲምቱ እኮ በአማርኛ «ቀዩ ኮረብታ» ማለት ነው። ብሎክ 87 የተሠራው ኮረብታ ላይ ነው፤ ኮረብታውን አይቶ፣ አፈሩ ቀይ መሆኑን ልብ ብሎ ስም ያወጣለት ሰው ነበር ማለት ነው። ኮንዶሚኒየሙ ሲሠራም ባዶ መሬት ላይ አልተሠራም፤ ጤፍ የሚያርሱ ገበሬዎች ተነሥተው ነው። አንዳንዶቹ ዛሬ እዚያው ጥበቃ ሆነው ይሠራሉ።

በመስከረም 2012 ዓ.ም ኢሬቻ ከመቶ ዓመት በላይ በኋላ ፊንፊኔ ላይ ሲከበር አያቴን ይዤ ሄጄ ነበር። ሣርና አበባ ይዛ ውሃው ዳር ቆማ ብዙ ጊዜ ዝም አለች። በመጨረሻ ያለችኝ «ውሃው ትንሽ ሆኗል» ብቻ ነው። የእኔ የከተማዋ መልክ ይህ ነው፤ ሌላ ሰው ቢከፋውም።

የካዛንቺስ ልጅ፦

ከቨርጂኒያ ነው የምጽፈው። እዚህ ሰው ከየት ነሽ ሲለኝ ከአዲስ አበባ ስል ወዲያው የሚመጣለት የ77ቱ ድርቅ ነው፤ «በረሃው ከባድ ነው አይደል?» ይሉኛል። 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ፣ ሐምሌ ላይ ሁለት ሹራብ የሚያስለብስ ከተማ ነው ብል ማን ያምነኛል!

ጋሼ መስመረኛ፣ ካዛንቺስን ነካ አላደረጓትም። ሰፈራችን ባለፈው ዓመት መፍረሱን የሰማሁት በቪዲዮ ነው። እናቴ ለሃያ ዘጠኝ ዓመት የኖረችበት የቀበሌ ቤት ነበር። ስሙ ምን ማለት እንደሆነ እንኳን ሳላውቅ ፈረሰ። እርስዎ ያውቃሉ? ደግሞ ስልክ ሲሉ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ እኛ ቤት ስልክ አልነበረም፣ ጎረቤት ነበር የሚደወልልን።

አሮጌው መስመረኛ፦

ተመለስኩ። ከሆራ ልጀምር።

ልጄ፣ ተይዣለሁ። እውነትሽን ነው ወይም እውነትህን ነው፤ በስሙ አልለየሁም። እኔ እንጨት ላይ ሆኜ ያየሁት ከእንጨቱ መተከል በኋላ ያለውን ነው። ጉለሌ ሠላሳ ዓመት ስመላለስ ጉለሌ የሰው ጎሳ ስም መሆኑን የነገረኝ የሥራ ባልደረባዬ የቶሌው ልጅ ነው፣ እሱም ጡረታ ሊወጣ ሲል። መምህርት፣ ለልጁ የምትነግሪው መልስ ከእኔ ይልቅ እዚህ ላይ ነው ያለው።

የካዛንቺስ ልጅ፣ ስሙ ጣሊያንኛ ነው። ካዛ ቤት ነው፤ ካዜ ሲሆን ቤቶች። ኢንቺስ ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚያሠራው የጣሊያን ድርጅት ስም ምሕጻር ነው። ካዜ ኢንቺስ፤ የኢንቺስ ቤቶች። በእኛ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። ካዛ ፖፖላሬም የዚያው ዘመን ነው፣ የተራው ሰው ቤቶች ማለት። የጌቶች ቢሮክራቶች መኖሪያ ይሆናል የተባለው ሰፈር የእናትሽ ሰፈር ሆነ፤ ጣሊያን አምስት ዓመት ኖረበት፣ እኛ ሰማንያ ዓመት።

ሌሎቹንም ስሞች ተመልከቱ። ሰባራ ባቡር፤ መንገድ ሊደለድል የመጣ የእንፋሎት መኪና እዚያ ተሰብሮ ቀረ። ሠራተኛ ሰፈር፤ የቤተ መንግሥቱ ባለ እጆች የሰፈሩበት፣ እኔ የተወለድኩበት ነው። እሪ በከንቱ፤ ሌባ ቢይዝህ ብትጮህም የሚሰማህ የለም። ዶሮ ማነቂያ። ምን አለሽ ተራ፤ አሮጌ ጎማ ገብቶ በረባሶ ሆኖ የሚወጣበት። አንድም የንጉሥ አዋጅ የለበትም፣ ሕዝቡ ያየውን ጠራ። መንግሥታት ጎዳናዎችን በሐውልትና በሰሌዳ ሲሰይሙ ኖረዋል፤ ታክሲ ረዳት አንዱንም ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም።

ስለ ጎረቤት ስልክ ያነሣሽው አንጀቴን በላው። በ1980ዎቹ ስልክ ለማስገባት ተመዝግቦ ዓመታት መጠበቅ ነበር። አንድ ቀን ሠራተኛ ሰፈር አጠገብ የተበላሸ መስመር ልሠራ ሄድኩ። ባለቤቷ እማማ፣ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው፣ ስልኩን የዳንቴል ጨርቅ አልብሰው፣ በቁልፍ የሚዘጋ የእንጨት ሣጥን አሠርተውለት ከመደብ በላይ አስቀምጠውታል። ሠርቼ ስጨርስ ወዲያው ጮኸ። ከጅዳ ነው። እማማ ለእኔ ምንም ሳይሉ በመስኮቱ ወጥተው «ኧረ የአስካለን እናት ጥሩ! ልጇ ናት!» ብለው ጮኹ። አንድ ልጅ ሮጠ፣ ሌላ ልጅ ተቀበለው፣ ድምፁ ቁልቁለቱን ወርዶ ሲሄድ ይሰማኛል። ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤ አንዲት ሴት እጇ ሊጥ እንደሆነ፣ ነጠላዋ መሬት እየጠረገ ገባች። እጇን ሳትታጠብ እማማ ጆሮዋ ላይ ያዙላት። ቤቱ ውስጥ ስምንት ሰው ቆሞ ያዳምጣል፣ እኔም ጭምር። «ደኅና ነኝ እማዬ» የሚለው ቃል ከጅዳ ሲወጣ ስምንታችንም «ተመስገን» አልን። ከዚያ በኋላ እንደ ነገሩኝ ያ ቁጥር የሰባት ቤት ስልክ ነበር፤ ለመደወል የሚከፈለው ሳንቲም በጣሳ ይጠራቀማል፣ ለመቀበል ግን አይከፈልም። «እንዴት ሰው በጆሮው ይከፍላል» ነው ያሉት እማማ።

በ1967 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ ከመኳንንቱ የኪራይ ቤት ብዙው የቀበሌ ሆነ። ኪራዩ በሳንቲም፣ ጥገናው በእግዜር። አሁን «ድሮ እንዴት ጥሩ ነበር» የሚል ሰው ሲበዛ እናደዳለሁ። እኔ እነዚያን ቤቶች ገብቼ አይቻለሁ። ለዐሥራ አምስት ቤት አንድ ሽንት ቤት፣ ቦኖ ላይ ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ጀሪካን ተሰልፎ፣ ግድግዳው ላይ እጅህን ብታሳርፍ ምርጊቱ ይዞህ የሚመጣ። መፍረሱ አይገርመኝም። የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው፤ ሲፈርስ ያ የእንጨቱ ሣጥን አብሮ መበተኑ። የአስካለ እናት አንድ ዳር፣ እማማ ሌላ ዳር፣ ባለ በረንዳው የት እንዳለ እንጃ።

ዕድሩ ብቻ እንቢ ብሏል። እኔ ዛሬ የምኖረው ጎተራ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ዕድሬ ግን አሁንም የሠራተኛ ሰፈሩ ነው። አባሎቹ ጀሞም፣ ሰሚትም፣ የካ አባዶም፣ ኮዬም ገብተዋል። በወር አንድ እሑድ እንገናኛለን፤ ሁለት ታክሲ የሚይዝ አለ። ድሮ ሰው ሲሞት ንጋት ላይ ጥሩምባ ነፊው በየቅያሱ እየዞረ ይጠራ ነበር፤ አልጋዬ ላይ ሆኜ የማን ስም ይጠራ ይሆን እያልኩ ትንፋሼን እይዝ ነበር። አሁን በስልክ መልእክት ነው የሚመጣው። እኔ የስልክ ሰው ነኝ፣ ቅር ሊለኝ አይገባም፤ ቅር ይለኛል ግን።

አንድ ነገር ልጨምር። የአዲስ አበባን ልጅ «ሀገርህ ወዴት ነው?» ብትዪው አዲስ አበባ አይልሽም። መንዝ ይልሻል፣ ሰባት ቤት ጉራጌ ይልሻል፣ አድዋ፣ ወለጋ፣ ጋሞ ይልሻል። እኔ ራሴ መንዝ ነው የምለው፤ አንድ ጊዜ ነው ያየሁት፣ ለአጎቴ ተዝካር፣ ሁለት ቀን አድሬ በብርድ ተመለስኩ። ሁላችንም እንግዳ ነን እያልን ነው የኖርነው። ሰፈርተኛ መሆናችንን ረስተን አናውቅም ማለት ነው። ከተማዋ መልክ የላትም የሚባለውም ለዚህ ይመስለኛል፤ የእኔ ናት ብሎ የሚቆጣላት ሰው ጥቂት ነው።

የጦሳዋ መምህርት፦

ጋሼ፣ ሆራም፣ የካዛንቺስ ልጅም፣ አመሰግናለሁ። ዛሬ ክፍል ገብቼ «ቱሉ ዲምቱ ማለት ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ሦስት ልጆች እጃቸውን አወጡ፤ ቤታቸው ኦሮምኛ የሚናገሩ ናቸው፣ እስከ ዛሬ ማንም ጠይቋቸው ስለማያውቅ ዝም ብለው ነው። የብሎክ 87ቱ ልጅ «ታዲያ ኮረብታው የት ሄደ?» አለ። እረፍት ሰዓት ላይ ወጥተን ፈለግነው። ቆመንበት ነበር።

ጋሼ፣ ድፍረት ካልሆነብኝ አንድ ቅዳሜ ቢያሳዩኝ? በእግር እሄዳለሁ፣ የደሴ ልጅ ነኝ፣ ዳገት አይከብደኝም።

አሮጌው መስመረኛ፦

ምን ድፍረት አለው። የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ራስ መኮንን ድልድይ። ከዚያ በሰባራ ባቡር አድርገን፣ ቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎቹ ጋ ደርሰን፣ ጉልበቴ ከፈቀደ ሽሮ ሜዳ እንወጣለን። ጥሩ ጫማ አድርጊ። ጃንጥላ ያዢ።

የጦሳዋ መምህርት፦

እመጣለሁ። ድልድዩ በየትኛው በኩል ልጠብቅዎት?

አሮጌው መስመረኛ፦

ድልድዩን ከፒያሳ ስትመጪ ሳትሻገሪ በግራ በኩል፣ ድሮ ዳቦ ቤት የነበረበት ጋ። ዳቦ ቤቱ ፈርሷል፣ ግን ማንንም ብትጠይቂ ያሳዩሻል።